ዘንጌ፣ መጽሐፌና ኬላው

እኔ ክረምት ክረምት የማነበው ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ መሳቅ ይቻላል። ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። በዝናቡ ወራት ቱሪስት የለም፣ ተከዜም ደፍርሶ ስለሚሞላ ማጥመድ አይታሰብም። ስለዚህ አንድ ፈረንጅ ከማጥመጃ ዘንጉ ጋር የተወልኝን መጽሐፍ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ዘንድሮ መስቀል አልፎ ውሃው ጠራ ሲሉኝ ዘንጌን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ኬላው ላይ አንድ ታጣቂ ጥቅሉን ሲያይ ጠመንጃውን አቀባበለብኝ። “ምንድን ነው እሱ?” “የዓሣ ማጥመጃ ነው፣ ወንድሜ።” ጨርቁን አስፈታኝ፤ አላመነም። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሎቹን አሳየሁት። ተቀበለኝና እያገላበጠ ፈገግ ሲል ነፍሴ መለስ አለች። “ይኼን ሁሉ አንብበኸዋል?” “በየክረምቱ!” አልኩት፣ ደግሞ ኮራ ብዬ። ዘንጌን በጉልበቱ ቀጭ አድርጎ ሰበረው። መጽሐፉን ግን አቧራውን በእጁ ጠርጎ መለሰልኝ። “በል፣ አሁንም ክረምት ነው በለውና ቤትህ ገብተህ አንብብ።”

ይኸው ገብቼ እያነበብኩ ነው። ሰማዩ ላይ ግን አንድ ደመና የለም።