የሚጣል እንጂ የማይሰጥ ካሴት

ዛሬ ዓርብ፣ ሰኔ 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማነበው የሚጠፋው ሰው ኖሮ አይደለም። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ ስለማላውቅ፣ አፌ እስኪፈታ የማልሳሳተውን ነገር ላስቀድም ብዬ ነው። ከወረቀት ስለማነብም ይቅርታ። አለቃዬ እትዬ ዓለሚቱ "ከወልደኪዳን ጋር አንድ ክፍል የምትውይው አንቺ ነሽ፣ በጡረታ ሽኝቱ ላይ አንቺ ተናገሪ" ብለውኝ ነው እንጂ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።

ጋሽ ወልደኪዳን፣ ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት የመጡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም። ታሪኩን ግን የማያውቅ የለም። የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ማስተማር ሲያቆም፣ መምህሩን ምን እናድርገው ተባለና የማዳመጫ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተላኩ። ዝናብ ነበር አሉ። ዘበኛው ጋሽ ጠና፣ ያኔም ዘበኛ፣ ዛሬም ዘበኛ፣ ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጠው ይስቃሉ። ያን ዕለት አንድ ኮት የለበሰ ሰው ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ሲመጣ ያያሉ።

"ሕፃኑን ምን ነካው? ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው!"

"ሕፃን አይደለም፣ ቴፕ ነው።"

"ታዲያ ጋቢውን አንተ አትለብሰውም?"

"እኔ እደርቃለሁ። እሱ ከራሰ አይድንም።"

ጋሽ ጠና ያን ቀን ማታ ለሚስታቸው "ሚሲዮኑ እብድ ቀጠረ" ብለው ነገሯቸው።

በቴፑ ውስጥ የነበረውን ካሴት እዚህ ያላችሁ ሁሉ ወዳችሁም ሳትወዱም ሰምታችሁታል። ጋሽ ወልደኪዳን አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ፣ አንድ ፈረንሳዊ መምህር ስለ ልብ ወለድ ያስተማረውን በራሳቸው እጅ የቀዱት ነው። ሰውን "ለምን ትኖራለህ? መልሱን የሚያቀብልህ የለም፣ በምታደርገው ነገር ራስህ መልስ" ስለሚሉ ልብ ወለዶች ነው የሚያወራው። መሐል መሐል ላይ አንድ ሰው ያስላል። "እሱ እኔ ነኝ" ይላሉ፣ በኩራት።

መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እርስዎ ግን ቴፑ ካቆመበት ይቀጥሉና በፈረንሳዊው ድምፅ፣ እጅዎን እያወናጨፉ፣ ትምህርቱን ይጨርሱታል። ሳሉ ያለበት ቦታ ሲደርሱም ያስላሉ! አንዴ የነርስ ተማሪዎች "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቆየብዎት" ብለው ሽሮፕ ገዝተው መጥተው ነበር።

እትዬ ዓለሚቱም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው "በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ እግዜር የት አለ?" ሲሉ፣ ጋሽ ወልደኪዳን "ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰውዬም እሱኑ ነው የሚጠይቀው" ብለው መለሱላቸው። እትዬ ዓለሚቱ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉ።

የመዘምራን አለቃችንን አስፋውን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ጋሽ ጠና አይለቁኝም። አስፋው ካሴቱን ተውሶ መሐሉ ላይ የመዝሙር ልምምድ ቀዳበት። ፈረንሳዊው "ሰውየው በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያም..." ሲል ከበሮ ይመታል። ጋሽ ወልደኪዳን ሲቆጡት አስፋው ምን አለ? "ማንም የማይሰማው ቋንቋ ስለሆነ ባዶ ነው ብዬ ነው።" ሳቅ አስፋው፣ ዛሬ ይፈቀድልሃል።

እስካሁን ሳቃችሁ። ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ እኔ አልሳቅኩም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ክፍሉን ስወለውል፣ ጋሽ ወልደኪዳን ቴፑን ያቆሙና የተባለውን በአማርኛ ይነግሩኝ ነበር። ካልገባኝ በሀዲይኛ ይደግሙልኛል። "ይሄ ለኔ ምን ያደርግልኛል?" አልኳቸው። "እኔ አላውቅም። ስሚና አንቺ ንገሪኝ" አሉኝ። እኔን ሰው "ውሃ ቀዳሽ? በሩን ቆለፍሽ?" ነው የሚለኝ። ምን እንደማስብ የጠየቀኝ ሰው ከሳቸው በፊት አልነበረም። ለዚህ ነው የማመሰግንዎት፣ ጋሼ። ሌላ ትልቅ ነገር የለኝም።

አሁን ክፍሉ የፎቶኮፒ ክፍል ይሁን ተብሏል። ይሁን። ለፎቶኮፒ የሚሰለፈው ብዙ ነው፣ ካሴቱን የምንሰማው እኔና እሳቸው ነን። ግን ባለፈው ሰኞ ከንብረት ክፍል ኃላፊዋ ከወርቅዬ ጋር ሲነጋገሩ በሩ ጋ ነበርኩ።

"ካሴቱን ልውሰደው ወርቅዬ?"

"ንብረት ነው ጋሼ፣ አይቻልም።"

"እናንተስ ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ይወገዳል። ቴፑም አብሮ።"

"ከሚጣል ለኔ አይሻልም?"

"ለርስዎ ከሰጠሁ ንብረት አጎደልሽ እባላለሁ። ከጣልኩት ግን በደንቡ ነው።"

እሺ አሉና ወጡ። እሺ ብቻ።

ወርቅዬ፣ አትቀየሚኝ። ደንቡን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም። ግን እዚህ የተቀመጣችሁ የማታውቁት ነገር አለ። ካሴቱ የራሳቸው ነበር። ወደ ንብረት ክፍል ወስደው "እኔ ብሞት እንዳይጠፋ የሚሲዮኑ ይሁን" ብለው ማኅተም ያስመቱበት ራሳቸው ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። ሚሲዮኑ ከሳቸው ዕድሜ በላይ ይኖራል፣ ስለዚህ ካሴቱም ይኖራል ብለው አመኑ። ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ቢተዉት ኖሮ ዛሬም የሳቸው ነበር። ስላመኑን ነው የሚጣልባቸው።

ስጦታውንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አያችሁት። በፍላሽ የሚሠራ ሬዲዮ ነው፤ ያምራል። ካሴት የሚገባበት ግን የለውም። የመረጡት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ትዝ ሳይላቸው ቀርቶ ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሯቸው ሠርቶ፣ ምን እንደሚወዱ ትዝ ያለው ሰው የለም። ጭብጨባችን ጥሩ ነው፤ ኬኩም ጥሩ ነው። እኔ ግን ኬኬን ሳልነካው አስቀምጬዋለሁ።

ሥራ አስኪያጃችንን አቶ ኢዮብን ትናንት ሄጄ ጠየቅኳቸው። "መመሪያ ነው፣ ልጄ። ከአጥሩ ውጭ ከወጣ በኋላ የማንም አይደለም፣ እዚህ ውስጥ እያለ ግን አልችልም" አሉኝ። አመሰግናለሁ፣ አቶ ኢዮብ። ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት።

እንግዲህ የለስላሳ ጠርሙሳችሁን አንሱልኝ። ጋሽ ወልደኪዳን፣ ሞርሲቶ ያለው ቤትዎ ጠያቂ አይጣ። የጓሮዎ እንሰት ይፋፋ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ሳል እንኳ ቢመጣ የካሴቱ ዓይነት ብቻ ይሁን። እኛንም ይቅር ይበሉን፣ ከቻሉ። ካልቻሉም እውነትዎን ነው። ለጤናዎ!

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ነገ ቅዳሜ ጠዋት የሚወገደው ዕቃ ከግቢው በር ውጭ ይጣላል። የማደርገውን በድብቅ ማድረግ እችል ነበር። አቶ ኢዮብ ባሉበት የምናገረው ሰኞ ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር ነው። ነገ የቆሻሻ ጋሪው ከመምጣቱ በፊት በሩ ላይ እቆማለሁ። ቴፑና ካሴቱ መሬት እንደነኩ አነሳቸውና፣ ባገኘሁት የመጀመሪያ መኪና ሞርሲቶ አመጣልዎታለሁ።