ቅቤ የጠጣ ቁርበት

ሐምዳን ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? አሶሳ ደኅና ነው? ሰዕዲያ፣ ልጆቹ፣ አህዮቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? አባይስ እንዴት አሻገረህ? እሰይ፣ እንኳን በደኅና መጣህ! ና፣ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጥ። አህያዋን ብቻ ወደ አጥሩ አታስጠጋት... ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሰው፣ ጋሻቸውን እየወለወሉ ነው፤ አቧራ አይወዱም።

ቤቴን አጣኸው አይደል? ሁለት ጊዜ አልፈኸው ስትመለስ አይቼ ብቻዬን ስስቅ ነበር። የምታውቀው ቤት አምና በታኅሣሥ ነደደ፤ ይሄ አዲሱ ነው። አንተ ያመጣህልኝ ጥጥ፣ ሁለት ዓመት ፈትዬ ለልጄ ለጥሩሰው ሠርግ ያዘጋጀሁት ጋቢ፣ ቀሚሷ... አንዲት ክር አልተረፈም። ሠርጉም ለዘንድሮ ጥር ተላለፈ። ኧረ ፊትህን አታጥቁር! ደግሞ ማን አቃጠለው ብለህ ሰው አትፈልግ። ያቃጠልኩት እኔው የዝናሽ ነኝ።

በበጋ የቆላው ሣር ሲነድ ነፋስ ፍንጣሪ ይዞ እኛ ድረስ ይወጣል። ታዲያ አምና መንደሩ ተሰብስቦ ሁለት ነገር ይዘጋጅ ተባለ፤ አንድ ጋን ውሃና አንድ የበሬ ቁርበት። ቁርበቱ ውሃ እየጠጣ ይከርማል፤ የማንም ክዳን ላይ እሳት ሲያርፍ አንድ ሰው ይወጣና ያለብሰዋል፤ እሳቱ ታፍኖ ይሞታል። ሌላ ጥበብ የለውም። ጋኑን ማን ይምረጥ ሲባል እኔ ዘልዬ ተነሣሁ፤ ሸክላ አውቃለሁ ባይ ነኛ! ቁርበቱንስ ማን ይያዝ ሲባል ሰው ሁሉ ዝም አለ። ምነው እኔም ዝም ብል? ባለጋሻውን ጎረቤቴን እያሳየሁ "ቆዳ መያዝ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል! ኮርቻቸውን አታዩም?" ብዬ አረፍኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የጋኑን ጉድ ልንገርህ። ቅጠል እንዳይገባበት ብዬ አንገቱ የጠበበውን መረጥኩ። ሆዱ ሰፊ፣ ወገቡ ያማረ፣ ስንጥቅ የሌለው ጋን! ሞልቼው፣ ከድኜው፣ በየጠዋቱ እየሄድኩ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ቅል ይግባበት አይግባበት አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩም። አየህ ብልኀቴን?

እሳቸው ደግሞ... አይ፣ መቼም እንደሳቸው ንጹሕ ሰው የት ይገኛል? በሦስት በሦስት ቀን ውሃ አጠጡት ቢባሉ፣ ውሃ የጠጣ ቁርበት ይሸታላ! የትልቅ ሰው ደጃፍ ላይ የሚሸት ነገር ይሰቀላል እንዴ? ነውር አይደለም? ደግሞስ ውሃ ቆዳ ያበሰብስ የለም? ስለዚህ ፀጉሩን አስፍቀው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ እንደ ጋሻቸው ቅቤ በቅቤ አደረጉት። ለስላሳ! እንግዳ ሲመጣባቸው አንጥፈው ያስቀምጡበት ነበር። እኔም ተቀምጬበታለሁ፤ ልዋሽህ አልችልም፣ ተመችቶኛል።

ቅቤው ሲያልቅባቸው "ለመንደሩ ቁርበት" እያሉ በየቤቱ ዞሩ። ማን ነው ትልቁን ድቡልቡል ያወጣ? ለጥሩሰው የሙሽርነት ፀጉር ያኖርኩትን ቅቤ አውጥቼ፣ በሁለት እጄ፣ አጎንብሼ ሰጠሁ! ያውም "እግዜር ይስጥልን፣ ለኛ ብለው ደከሙ" ብዬ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያማ ቀኑ ደረሰ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ፍንጣሪው መጥቶ ክዳኔ ላይ ሲያርፍ ሰፌድ እንኳ አያክልም ነበር። ጮህኩ። እሳቸውም... መቼም ድፍረታቸውን ማን ይክዳል? ቁርበታቸውን ተሸክመው መሰላሉን ወጡ፤ አለበሱልኝ። ሽሽሽ አለ። እኔ ውሃው ነው ብዬ እልል አልኩ! እልል አልኩ እኮ ሐምዳን፣ በገዛ ቤቴ ላይ! ለካ ቅቤው ነው። ቦግ ሲል እሳቸው ዘለው ወረዱ፤ ተመስገን፣ ጋቢያቸውን እንኳ አልነካውም።

ሽታውን ብታየው! ጥብስ፣ ጥብስ! ከማዶ ሰፈር ውሻ ሳይቀር መጣ። "የዝናሽ ሠርጉን ቀድማ ደገሰችው እንዴ?" ብለው የወጡ ሰዎች አሉ። ውሃ! ውሃ! ስንል ወደ ጋኔ ሮጥን። ቅሉ አልገባም። እጅ አልገባም። አራት ጎልማሳ ተረባርቦ ቢያዘነብለው፣ ውሃው የኛን እግር አጠበና አለቀ። ቤቴ ሲወድቅ በእግሬ ንጹሕ ነበርኩ።

ያን ዕለት ጥሩሰው አላለቀሰችም። አመዱን በእንጨት እየጫረች የቀሚሷን ጥለት ስትፈልግ ዋለች። እሱ ነው እስካሁን ሆዴን የሚበላው። የቀረውን ስቄ አልፌዋለሁ።

እሳቸው ከዚያ ወዲያ ምን ይላሉ መሰለህ? የበሬው ስብ ነው ይላሉ። ይሆናላ! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ... ሞተህ፣ ተገፈህ እንኳ ሐሜት አልቀረልህም! አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባል ሰው አለ አሉ፤ እሳቸውን ግን ማንም እንዲያ ብሎ አያማቸውም። አፋቸውም ቅቤ፣ ልባቸውም ቅቤ፣ እጃቸውም ቅቤ ነው። አንድ ቀን "የዝናሽ፣ አጠፋሁ" ብለው ክፉ ቃል አውጥተው አላስከፉኝም።

ምን ሆነሃል፣ ድምፅሽን ቀንሺ ነው? የምን መቀነስ! እኔ የማወራው ስለ ራሴ ሞኝነት አይደል እንዴ? ሞኝነት ደግሞ ጮክ ብሎ ነው የሚወራው።

ዛሬ ዋርካው ሥር ሸንጎ አለ። የዘንድሮውን ቁርበት ማን ይያዝ ተብሎ፣ "የተቃጠለችው ትናገር" ብለውኛል። እሳቸውም ዘንድሮ ፈቃደኛ ናቸው አሉ። ጎሽ! ልምድ ያለው ሰው እያለ... አዲሱ ክዳኔ ገና ሣሩ አልጠቆረም፣ የጥሩሰው ፈትል ግማሽ ደርሷል፤ ምን ጎደለ? አንድ እንግዳ ማስቀመጫ ብቻ!

እስቲ ያዘዝኩህን ቁርበት አውርደው። እፍ! እሰይ፣ ይሸታል! ፀጉሩ አልተፋቀም፤ ጎሽ፣ ፀጉሩ ነው ውሃ የሚይዝ። ወደ ብርሃን ዘርጋልኝ... ቢላ የበሳው ቦታ የለም? አንገቱ ወፍራም ነው። ይሄኛው በገንዳ ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ በሦስት ቀን አንዴ አገላብጠዋለሁ፤ ሲበሰብስ ጥዬ ሌላ እልክብሃለሁ። ጋኑንም እርግፍ አድርጌ ትቼ በየደጃፉ አፈ ሰፊ እንስራና የቀርከሃ መቅጃ ይቁም ልል ነው። አሸዋም እጨምራለሁ። ትዝ ይልሃል፣ "የኛ ቤት ቀርከሃ ነው፣ ሲነድ እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል፤ ደጄ ላይ አሸዋ አኖራለሁ" ስትለኝ? ስቄብህ ነበር። "አሸዋ ለምን፣ ልትዘራው ነው?" ብዬህ ነበር። ይቅር በለኝ።

ቁርበቱን ዘንድሮ የምይዘው እኔ ነኝ። የሙሽራ እናት ቁርበት ቁርበት እየሸተተች ሠርግ ትገባለች፤ ይበለኛ! አማቾቼ አፍንጫቸውን ይያዙ።

ይልቅ ተነሣ፣ ሸንጎው ሳይጀመር እንድረስ። ስለ እሳቸው ክፉ እንዳልናገር አትስጋ። ጎረቤት ናቸው፣ ለኔ ብለው መሰላል የወጡ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እመርቃቸዋለሁ እንጂ። እንዲህ ነው የምለው፤ ስማኝና ካማረ አሜን በል። ከማዶም የሚሰማ ካለ አሜን ይበል...

ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ጋሻቸውን ወዙ አይለየው፣ ቅቤ ከእጃቸው አይጥፋ። ክፉ ቀን ደጃፋቸውን አይርገጥ፤ ከረገጠም እግዜር ደራሽ ጎረቤት አይንሳቸው። እኔን እንዳለበሱኝ፣ እሳቸውንም ያልብሳቸው።