ለጎብኚዎቹ የታረደችው ዝይ

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ጋሽ ሶፍሮን! እንዴት አደሩ? አዎ፣ ኦቲሊያ ነኝ፣ እኔው ነኝ። መጡ እንዴ?… አልመጡም። ታዲያ ድምፅዎ ምን ሆነ?… ቆይ፣ ቀስ ብለው። አይሰማኝም ጋሼ፣ ከወጥ ቤቱ ወጣ ብለው ያናግሩኝ፣ ሰሃን ይንኳኳል… እ፣ አሁን ይሻላል።

— ለመሆኑ ጋሼ፣ ሰሃኑ ለምንድነው የሚንኳኳው?

— ምን አረዱ አሉኝ፣ ጋሼ?

— ኮሪና፣ እስቲ የቢሮውን ሬዲዮ አጥፊው… ጋሽ ሶፍሮን፣ ይድገሙልኝ። እማማ ሳቬታ ምን አረዱ?… ዝይ። ለገና ብለው ያደልቧት የነበረችውን ዝይ።… ለማን?… ለጎብኚዎቹ።

— ጋሼ፣ በሞቴ ይስሙኝ። ገንዘብ የጠየቅናቸው የፋውንዴሽኑ ሰዎች ዛሬ ለምንድነው መንደራችሁ ድረስ የሚመጡት? ችግራችሁን በዓይናቸው ሊያዩ እኮ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? ብቻቸውን የሚኖሩት አዛውንቶች ማኅበሩ ምሳ ካልወሰደላቸው ጦማቸውን ይውላሉ ብያለሁ። ምሳው የሚበስልበት የማኅበሩ ወጥ ቤት ምድጃ ተሰንጥቋል፣ ጣሪያው ያፈሳል ብያለሁ። ታዲያ ገና ከመኪና ሲወርዱ የተጠበሰ ዝይ ልታቀርቡላቸው ነው?

— ሌላስ ምን አለ? አይደብቁኝ።… በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ። እሺ።… የበዓል ዳቦ። በለውዝ ወይስ… ይተዉት፣ ምን አገባኝ።… የፕሪም አረቄ ደግሞ ከየት መጣ?… ከቄሱ። እሰይ፣ እሳቸውም አሉበት።

— ግድግዳውን?… ቀለም ቀባችሁት። የቱን ግድግዳ? ዝናብ የሚወርድበትን?… ትናንት። እሺ፣ ምድጃውንስ እንዳለ ተዋችሁት አይደል?… ጋሼ?… አሉ?… ስንጥቁን በጭቃ መረጋችሁና ኖራ ቀባችሁት።

— አይ፣ አልተቆጣሁም። ቁጭ ብያለሁ። ውሃ እየጠጣሁ ነው።

— ኮሪና፣ ጉድ ፈልቷል። መንደሩ ድግስ ደግሷል… አዎ፣ ድግስ! የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው እየጠበቁ ነው። የጎብኚዎቹ ሾፌር ዘመድሽ አይደል? ደውዪለትና የት እንደደረሱ በዘዴ ጠይቂልኝ። ስለ ዝይ እንዳታነሺ።

— ሄሎ፣ ጋሽ ሶፍሮን፣ አለሁ። አሁን ይንገሩኝ፣ ምን ነካችሁ? ባለፈው ሳምንት ሁሉ ነገር ደህና ነበር… ቄሱ አነበቡት? ያንብቡት እንጂ፣ እኔው አይደለሁ ያንብቡላችሁ ያልኩት። ፋውንዴሽኑ የመንደሩ ሰው በስሙ የተጠየቀውን ይወቅ ስለሚል ከቅዳሴ በኋላ አጭሩ ወረቀት ይነበብ… አጭሩን አይደለም ያነበቡት?

— ሙሉውን?… ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው?… «አጭሩ ለቤተ ክርስቲያን አይመጥንም» አሉ። ይኸው መጠነ።

— የእማማ ሳቬታን ስም ግን ቀይሬያለሁ እኮ! «ወይዘሮ ማ.» ነው ያልኳቸው… አዎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ ብያለሁ።… ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሌላ ሰው የለም።… አዎ፣ ልጃቸው ጣሊያን ያለ ብያለሁ።… እሺ፣ ገባኝ ጋሼ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ሁሉም ዞሮ አያቸው።

— እሳቸውስ?… ቅዳሴው ሳያልቅ… አልቆ ነበር፣ አዎ። ጥለው ወጡ። ከእሁድ ጀምሮ ምሳቸውን ይመልሳሉ? ታዲያ ምን እየበሉ ነው?… አይታወቅም።

— ሌላውስ ሰው?… «ለማኝ አደረገችን» አሉ። እኔን ነው?… እሺ፣ ይበሉ። ስለዚህ ለማኝ አለመሆናችሁን ልታሳዩ ሁላችሁም ከየጓዳችሁ ያላችሁን አወጣችሁ። እርስዎስ ምን አመጡ?… እርስዎም! የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነው፣ ፊርማዎ ያለበት ወረቀት ላይ «ተቸግረናል» ብለው፣ ቋሊማ አመጡ።

— በጭስ ያደረቁት ራስዎ ነዎት። እሱማ ጥሩ ነው ጋሼ፣ ጥሩ ቋሊማ መሆኑን አልጠራጠርም።

— ሾፌሩ ምን አለ፣ ኮሪና?… ድልድዩን አልፈዋል? እርግጠኛ ነሽ?

— ጋሽ ሶፍሮን፣ ድልድዩን አልፈዋል። አሁን የምነግርዎትን ያድርጉ። ዝይውን ወደ ማገዶ ቤቱ፣ አረቄውን ከጠረጴዛ ስር፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው በየቀኑ የምታበስሉት ሾርባ ብቻ… ማን አይፈቅድም?… እማማ ሳቬታ?… ቢላ ይዘው ቆመዋል ማለት ምን ማለት ነው?… ዝይውን ሊቆርጡበት። እሺ፣ ለዝይው ይሁን።

— ጋሼ፣ ኩራት መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ከእንደዚህ ዓይነት መንደር ነው የወጣሁት። ግን ለዚህ ገንዘብ የሚሻሙትን ያውቃሉ? የወንዝ ዳር ጽዳቱ አለ፣ መዘምራኑ አሉ፣ ያ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ አለ፣ የእሱ ፕሮፖዛል ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ እሱንም የጻፍኩለት እኔ ነኝ። የሚያገኙት ሁለት ማኅበሮች ብቻ ናቸው። ሰዎቹ ድግስ አይተው ከተመለሱ አለቀ፣ ወጥ ቤቱ ከገና በፊት ይዘጋል። በረዶ ሲጥል ለኢላሪዬ ማን ነው ምሳ የሚወስድለት? ከአልጋው ወርዶ በሩን መክፈት የማይችል ሰውዬ ምን ሊሆን ነው?… አውቃለሁ እንደሚያውቁ። አውቃለሁ።

— እማማ ሳቬታ እንግዶቹን ምን ሊሏቸው ነው?… «የተጻፈው ሁሉ ውሸት ነው» ሊሏቸው። በራሳቸው አፍ ነገሩዎት?… እግዚኦ።

— ስልኩን ይስጧቸው… አይ፣ ይስጧቸው። እኔ ላናግራቸው።

— …

— ሄሎ፣ እማማ ሳቬታ? ኦቲሊያ እባላለሁ፣ ያቺ… አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።… አዎ።… እንዴት ነዎት?… ልክ ነዎት፣ እሱን መጠየቅ አልነበረብኝም።

— እማማ፣ ሰዎቹ እየደረሱ ነው። ከተቆጡ እኔን ይቆጡኝ፣ ዕድሜ ልክዎን ይቆጡኝ፣ ዛሬ ብቻ ግን… አይ፣ ይዋሹልኝ አላልኩም። ዝም ይበሉ ነው ያልኩት… ዝም ማለትም ያው ነው። እሺ።

— አይ፣ መንደራችሁ መጥቼ አላውቅም። በስልክ ነው የጻፍኩት፣ ጋሽ ሶፍሮንን እየጠየቅሁ። ብዙ ማኅበሮች አሉብኝ፣ እማማ፣ ለሁሉም ልደርስ… እሺ። ሰበብ ነው።

— ምን?… እኔ ላንብብልዎት? ሰምተውት የለም እንዴ፣ ቄሱ… ከእኔ አፍ። አሁን?… መንገድ ላይ ናቸው እኮ፣ እማማ… እሺ። እሺ፣ ይጠብቁኝ። ኮሪና፣ የምሳውን ፕሮፖዛል አቀብዪኝ። እሱን አይደለም፣ አረንጓዴውን።

— «ወይዘሮ ማ. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። የማኅበሩ ምሳ በማይመጣባቸው ቀናት በዳቦና በሻይ ይውላሉ። አንድ ልጃቸው ጣሊያን ከሄደ ወዲህ…» እማማ፣ ይበቃል። ያውቁታል።

— እሺ። «…ጣሊያን ከሄደ ወዲህ እናቱን ረስቷል።»

— ሄሎ?… አሉ፣ እማማ?

— አይ፣ ጋሽ ሶፍሮን አልነገሩኝም።… ቄሱም አይደሉም።… ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

— ለምን… እንዴት ልንገርዎ። የሚመርጡት ሰዎች የሚያነቡት ክምር ነው። አንጀት የሚበላ ነገር ካላገኙ ገልብጠው ያልፋሉ። ዳቦና ሻይ ብቻውን አይበቃም፣ ሁሉም ዳቦና ሻይ ይጽፋል። ልጅ ረሳ ሲባል ግን ቆም ይላሉ። ሥራዬ ነው፣ እማማ። ጎበዝ ናት የሚሉኝም ለዚህ ነው።

— አላውቀውም። ስሙንም አላውቅ… ሊቪዩ። እሺ። ሊቪዩ።… አዎ፣ በቤተ ክርስቲያን። በጎረቤት ፊት፣ ክርስትና በተነሳበት ቤተ ክርስቲያን። አሁን ገባኝ። የተቆጡት ድሃ ስላልኩዎት መስሎኝ ነበር።

— ሊሏቸው የፈለጉትን ይበሏቸው። አይ፣ ከልቤ ነው፣ አልለምንዎትም። ሁሉም ውሸት ነው ካሉ እኔም ሲደውሉልኝ ውሸት ነው እላለሁ… ኮሪና፣ ዝም በይ፣ እባክሽ… ወጥ ቤቱ? ይዘጋላ። አዎ። ይህንን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዞሮ ዞሮ ስምዎ ነው፣ ልጅዎ ነው።

— እማማ?… ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ነው? ጋሽ ሶፍሮን! ምን አሉ?… ስልኩን ብቻ ሰጡዎት። ያ የምሰማው የመኪና ድምፅ ነው?… ደረሱ። ስልኩን አይዝጉት፣ በሞቴ። እንደተከፈተ ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። የደረት ኪስዎ ውስጥ። ይሂዱ፣ ይቀበሏቸው።

— ኮሪና፣ ነይ። አንቺ አይሰማሽም፣ እኔ እነግርሻለሁ። ብቻ እንዳትናገሪ።

— እየተጨባበጡ ነው… ውሻ ይጮሃል… አሁን ቄሱ እየባረኩ ነው፣ ይሄ ቶሎ አያልቅም… አንዷ ጎብኚ «ምን ያለ የሚያውድ ሽታ ነው» አለች። ጉዳችን ነው… ወንዱ ስለ ጣሪያው ጠየቀ። ጋሽ ሶፍሮን «አልፎ አልፎ ነው የሚያፈሰው» አሉት። አልፎ አልፎ! እኔ ገጹን ሙሉ ባልዲ በባልዲ አድርጌው…

— ወጥ ቤት ገቡ። የሆነ ነገር ወደቀ… ይስላሉ። ሁሉም ይስላሉ… ኮሪና፣ ጭቃው ነው። ከምድጃው ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው። «መስኮት ክፈቱ» ይላል አንዱ። ሌላው «ቄሱን አውጧቸው» ይላል… አትሳቂ፣ እኔም ልስቅ ነው፣ አትሳቂ።

— ቆይ፣ ሰው እየተናገረ ነው።

— እማማ ሳቬታ ናቸው። «ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴትዮ እኔ ነኝ» አሉ።

— ስልኩን ጆሮዬ ላይ ልጫነው… «ዳቦና ሻይ የሚለው እውነት ነው» አሉ። ኮሪና፣ እውነት ነው አሉ። «ምድጃውም ይኸውላችሁ፣ አፍረንበት ነው የመረግነው። ጣሪያውም ሁልጊዜ ነው የሚያፈሰው፣ ሶፍሮን እንግዳ ፊት መናገር አይችልም። ልጄ ረሳኝ የሚለው ግን ውሸት ነው። እሱ ይሰረዝ። እሱ ሳይሰረዝ ከዚህ ዝይ ማንም አይቀምስም።»

— ወረቀት እየገለበጡ ነው… እስክሪብቶ ፍለጋ ላይ ናቸው፣ ሦስት ሰው መጥቶ እስክሪብቶ የለውም… ሴትየዋ «ሰርዤዋለሁ፣ እማማ» አለቻቸው።… «አሳዪኝ» አሏት።

— ወንበር እየተሳበ ነው። ተቀመጡ፣ ኮሪና። ተቀመጡ።

— …

— ሄሎ? ጋሽ ሶፍሮን፣ ወጡ እንዴ?… ሰማሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። እየበሉ ነው?… የምድጃውን ፎቶ አነሱ። ጣሪያውንም። ጥሩ ነው። ቃል የገቡት ነገር አለ?… አይገቡም ጋሼ፣ እዚያው ቃል መግባት ልማዳቸው አይደለም። ደብዳቤው እስኪመጣ እንጠብቃለን እንጂ ምን እናደርጋለን። ግን ኢላሪዬ ጋ ራሳችን ሄደን እናያለን ብለው ከሆነ… የምሳውን ሰሃን ራሷ ይዛ ሄደች? ሴትየዋ? እንግዲያው ተስፋ አለ፣ እኔ ተስፋ አለ እላለሁ።

— አይ፣ እያለቀስኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ።

— ጋሼ፣ አንድ ነገር ይተባበሩኝ። የልጃቸውን የሊቪዩን ስልክ ቁጥር ይፈልጉልኝ። እሁድ በቤተ ክርስቲያን የተባለውን ሰው ነግሮት ይሆናል። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቀው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናትህ አንድም ቃል አልተነፈሱብህም ልበለው…

— ምን አሉኝ?

— ከመቼ ጀምሮ ነው ያልደወለላቸው?… ከአባቱ ቀብር ጀምሮ። ያ እኮ ስንት ዓመት… ለፋሲካም? ለገናም?… ቁጥሩም አይሠራም።

— እሳቸውስ መረሳታቸውን ያውቃሉ?… አዎ። ከእሳቸው በላይ ማን ሊያውቅ።

— አለሁ ጋሼ። አለሁ። ይጠብቁኝ አንዴ፣ አይዝጉት።

— ኮሪና፣ ፕሮፖዛሉን ኮምፒውተሩ ላይ ክፈቺው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አጥፊያት… እነሱ ሰርዘዋል፣ አውቃለሁ፣ ከእኛም ዘንድ ትጥፋ… አዎ፣ ሰምተሻል። እውነት ብትሆንም አጥፊያት።

— ሄሎ፣ ጋሼ? ለእማማ ሳቬታ ከእኛም ወረቀት ላይ ጠፍቷል ይበሉልኝ። ውሸት ስለነበረ አጠፋችው ይበሏቸው።… አዎ፣ እንደዚያ ይበሏቸው። ይግቡ አሁን፣ እንግዶቹ ብቻቸውን ናቸው። ደህና ይዋሉ።