ከሐይቅ የተመለሰው መብራት

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኦጉታ! አንተ ነህ ልጄ? … እኔ ነኝ፣ አባትህ ነኝ። … አዎ፣ ገና ዛሬ ተከፈተ። ስልኩ ሞቶ ሰነበተ፤ በምን እንሙላው? መብራቱ እዚያ፣ እኛ እዚህ። … ደህና ነኝ። የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? … እንግዲህ ቻለው።

… ቀስ በል፤ ሁሉንም በተራው እነግርሃለሁ። ከመብራቱ ልጀምርልህ። መጣ። … አዎ፣ ያው አንተ የላክህልን የፀሐይ መብራት። የአጎትህ ልጅ ኦፖንዶ በታንኳ ሄዶ ከእምቦጩ መሀል አወጣው። አሁን ፊት ለፊቴ ነው፤ ስልኩም ከእሱ ላይ እየጠባ ነው። ሽቦው አጭር ስለሆነ አጎንብሼ ነው የማነጋግርህ። … ሳቅ፣ ሳቅ! አጭሩን የላክኸው አንተ ነህ።

… ታንኳው? አልተገኘም። መረቡም አልተገኘም። … አይ፣ ወንድምህ ራጎትም። መብራቱ ብቻ ነው የተገኘው፣ ከነመንሳፈፊያው።

— የአኪኒ እናት፣ ኦጉታ ነው፤ ሰላም ብሎሻል። … ምራቴ ሰላም ብላሃለች። አላለችም፣ አንተ ግን እንዳለች ቁጠረው።

… አውቃለሁ። እንዳልከው ነው፤ ቀን ከፀሐይ ይጠግባል፣ ሲጨልም በራሱ ይበራል። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ አልገባኝም አላልኩህም። ግን አንተ እዚህ አልነበርክም። ኩራዝ ቢሆን ጋዙ ሲያልቅ ያልቅ ነበር፤ ሰውም እርሙን ያወጣ ነበር። ይኼ ግን ራጎት ከጠፋ በኋላም በየምሽቱ ቦግ ይላል። እኛ ጨለማ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን የገዛ መብራታችንን ሐይቁ ላይ እናያለን። የወንድምህ ልጅ አኪኒ ደብተሯን ይዛ ወደዚያ ዞራ ነበር የምትቀመጠው። … አይ፣ ምን ያሳያታል! ልማድ ሆኖባት ነው። አባቷ ለማጥመድ ይዞት እስኪወጣ ድረስ በእሱ ታጠና ነበር። አንድ መብራት፣ ለቤትም ለሐይቅም።

… አጥማጆቹማ በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። ኦሜናው፣ ያ ደቃቃ ዓሣ፣ ብርሃኑ ሥር ተሰብስቦ ውሃው ይፈላል ይላሉ፤ መረብ የሚጥል ግን የለም። ኦፖንዶም ቢሆን፣ ያን ያህል የሚፎክረው ሰውዬ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠብቆ ነው የሄደው። ሲመለስ ውሃ ለምኖ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

… አዎ፣ ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ያጎው ተቆርጦ መጥቷል። አልጋው ላይ ነው፣ በራጎት ሸሚዝ ተጠቅልሎ። … እህ፣ አንተ ከተሜ! አዎ ፍሬ ነው፣ የዛፍ ፍሬ ነው። ውሃ በድኑን ላልመለሰው ሰው አባቶቻችን የቀበሩት እሱን ነው። እኔ ሌላ ምን ልቅበር? … ስትይዘው እንደ ሕፃን ይከብዳል።

— ሰማሁሽ፣ የአኪኒ እናት። ሰማሁሽ አልኩ እኮ።

… ምራቴ ናት። «መብራቱ የበራ ሰው አይቀበርም» ስትል ነው የሰነበተችው። አሁን መብራቱ ቤት ሲገባ ደግሞ «ፍሬው ተቀብሮ ባሌ ቢመጣ፣ በየትኛው በር ሊገባ ነው?» ትለኛለች። … እውነቷን ነው። አንዴ የተቀበረ ሰው በዚህ በር አይገባም። አጥሩ ሥር ቆሞ ቢጣራ ማንም አይመልስለትም፤ እናቱም ብትሆን። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። … ለዚህ እኮ ነው እስከ ዛሬ የዘገየሁት። መብራቱ ሲመጣ ግን ልቤ ቆረጠ። የሚመለሰው ተመለሰ፤ ከእንግዲህ የሚጠበቅ የለም ብዬ።

… ሄሎ? ትሰማኛለህ? … እየመሸ ነው። … ይኸው በራ። በራሱ። — ነይ አኪኒ፣ ያው መብራትሽ፣ ቁጭ ብለሽ አጥኚ። — አየህ ኦጉታ፣ ቤቱ የሰው ቤት መሰለ።

— ምንድን ነው? በሩን ለምን ከፈትሽው፣ ትንኝ ይገባል። … ምን አልሽ?

… ቆየኝማ ልጄ።

…

… ኦጉታ፣ የላክኸው መብራት ስንት ነው? … በደንብ አስታውስ። … አንድ ነው። እኔም የማውቀው አንድ ነው።

… አይ፣ ሌላ አጥማጅ አይደለም። በዚያ የሚያልፍ የለም አልኩህ። ሐይቁ ላይ ያው ቦታ ነው፤ ያው ነጭ ብርሃን ነው። … ዓይኔ ለሩቁ ደህና ነው። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ኦፖንዶም ደጅ ቆሞ ያየዋል፤ ፉከራው ጠፍቶበታል።

… ጠፋ።

… በራ። … ጠፋ። … በራ።

ልጄ፣ ራጎት ሲመለስ ምን ያደርግ እንደነበር ትዝ ይልሃል? … አዎ፣ በባርኔጣው ሸፈን፣ ገለጥ። ሚስቱ አገዳ ለኩሳ ከደጃፍ ታወዛውዝለታለች። ያንን ሳያይ ወደ ዳር አይጠጋም ነበር። … በምን ታወዛውዝ? ያለንን አገዳ ሁሉ ለብርሃን ስንል በእነዚህ ምሽቶች አንድደን ጨረስነው።

… አትመልስለት ትለኛለህ? … አባባሉን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፤ ከውሃ ለተጣራ መልስ አይሰጥም። ግን ዝም ካልነው፣ ነገ በሩን የምንዘጋው በማን ላይ ነው?

— የአኪኒ እናት፣ ፍሬውን ከአልጋው አውርጂው። … ሸሚዙን ፍቺና ያዢው። ምናልባት ደረቅ ልብስ ያስፈልገው ይሆናል። … አታልቅሺ። አሁን አይደለም።

… ሄሎ፣ አለሁ። ሽቦውን ልነቅለው ነው፤ መብራቱን ከደጃፍ ላወዛውዝለት። … አዎ፣ ከነቀልኩት ስልኩ ይሞታል። … አትጩህብኝ ልጄ። መብራቱ አንድ ነው፤ ወይ ላንተ ይሆናል፣ ወይ ለእሱ።

… አዎ፣ እየቀረበ ነው። አሁን እምቦጩን አልፏል። … የመቅዘፊያ ድምፅ? … የለም። ምንም አይሰማም። እንቁራሪቶቹም ዝም ብለዋል።

… እኔም ፈርቻለሁ። ቢሆንም ልጄ ነው። በል፣ ወንድምህን ልቀበ—