ከቅያሪ ጎማው ሥር ስላለው ቧንቧ

የምስክር ስም፦ ናም ኪሶክ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ጎሚስታ
አድራሻ፦ ቶንግዮንግ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኦክቶበር 5 ቀን 2023፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። አደጋ የደረሰበትን መኪና ስትነዳ የነበረችው ናም ሚራን ታናሽ እህቴ ናት። አጠገቧ የነበረው ኩክ ጄዉን ባሏ ሲሆን፣ ከኋላ ተቀምጠው የሞቱት እናቱ ናቸው።

ባለፈው ጃንዋሪ 19 ቀን፣ ለጨረቃ አዲስ ዓመት ሦስት ቀን ሲቀር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጄዉን መኪናውን ይዞ ሱቄ መጣ። የጎማ አየር ሲጎድል ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው መብራት በርቶ ነበር። ጎማዎቹን ፈትቼ ሳይ በየቸርኬው ያሉት ሴንሰሮች ይሠራሉ፤ ከእነሱ ጋር የተያያዙትን የአየር መሙያ ቫልቮች ግን የባሕሩ ጨው በልቷቸው ገና ስነካቸው ተሰበሩ። እዚህ ከተማ ስምንት ዓመት የሞላው መኪና ሁሉ እንዲህ ነው። አዲሱ ዕቃ ከበዓሉ በፊት እንደማይደርስ ነገርኩት። እሱም «ጋሼ፣ እናቴን ያውቋታል፤ ያ መብራት በርቶ ካየች እግሯን መኪና ውስጥ አታስገባም። ብቻ ያጥፉልኝ። ለሚራንም እንዳይነግሯት፣ እናቴ ጆሮ መድረሱ አይቀርም» አለኝ።

ይሉኝታ ያዘኝና እሺ አልኩ። ሴንሰር የማይይዝ ተራ የላስቲክ ቫልቭ ገጠምኩለት። አራቱን ሴንሰሮች አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ከትቼ፣ አየር ሞልቼ ደፈንኩትና ከቅያሪ ጎማው ሥር አስቀመጥኩት። ሴንሰሮቹ የሚለኩት የቧንቧውን አየር ስለሆነ መብራቱ ጠፋ። ጎማው ቢተነፍስም እንደማይበራ አስጠንቅቄ ከበዓል በኋላ እንዲመለስ ነገርኩት። «መኪናዋን አፏን አስያዟት እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

አልተመለሰም። ዕቃው በፌብሩዋሪ መጥቶ መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ብደውልለት «ምን አስቸኮለዎት፣ ዝም ብላለች እኮ» አለኝ። ለእህቴ መንገር ነበረብኝ፤ ለባሏ ቃል ገብቻለሁ ብዬ አፌን ያዝኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው።

ሴፕቴምበር 28 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ለመኸር በዓል ወደ ጂንጁ ሲሄዱ የፊት ቀኝ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ተገለበጠ። በማግስቱ ሚራንን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ጄዉን ለፖሊስ «መብራቱ በርቶ ነበር፣ ባሳያትም እምቢ ብላ ነዳች» ብሎ ቃል መስጠቱን ነገረችኝ። አማቷን ገደለች ተብሎ የባሏ ዘመድ ሁሉ ፊቱን አዙሮባታል። «ወንድምዬ፣ እኔ መብራት አላየሁም። ግን እሱ ይምላል፤ በርቶ ይሆናል። ዓይኔን ምን ነካው?» አለችኝ። እውነቱን መናገር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህም ስድስት ቀን አቃተኝ።

መብራቱ አልበራም፤ ሊበራም አይችልም። ይህን ከጄዉንና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቧንቧውን ፖሊስ ካልኩት ቦታ ያገኘዋል።

ይህ ቃል እኔንም እንደሚያስጠይቀኝ መርማሪው አስረድተውኛል። የተጻፈው ተነቦልኝ፣ አንድም ያልተናገርኩት እንደሌለበትና እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ዓይኗ ደህና መሆኑን ለእህቴ እንዲነግሩልኝ እጠይቃለሁ፤ እኔ ፊቷን ማየት አልችልም።

የምስክር ፊርማ፦ ናም ኪሶክ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ፒዮ ዶንግሃ