በሁዳዴ የተሞከሩት ሁለት ሚክሰሮች

ታላቅ ወንድሜ ቤት ውስጥ ዲጄነት ሊለማመድ ፈልጎ፣ ደብረ ታቦር ከሚገኝ አንድ ሱቅ የድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰር ሊገዛ ይዞኝ ሄደ። የቀረቡለት ሁለቱ ሚክሰሮች መንትያ ይመስላሉ። ባለ ሱቁ ግን «በሁዳዴ ዘፈን አልከፍትም» ብለው በበገና መዝሙር ሞከሩልን። በአንደኛው በገናው ጥርት ብሎ ተሰማ፤ በሌላኛው ግን እየነዘረ ወፈረ። ወንድሜ ወፍራሙን ወደደና «በገና ማለት ይሄ ነው! ይሄን ጠቅልሉልኝ» አለ።

መዝሙሩ አለቀ፤ ንዝረቱ ግን አላቆመም። ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል፤ ወንድሜ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ግን አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ መዝሙሩ አልቋል እኮ። አሁን የሚደረድረው ማን ነው?» አልኩት። ሁለቱም ጆሯቸውን ሰጡ፤ ባለ ሱቁ በሳቅ ፈረሱ። ወንድሜ ጥርት ያለውን ገዛና «እታለም፣ ለፋሲካ መጀመሪያ የምታጫውቺው አንቺ ነሽ» አለኝ። ዘንድሮ ፋሲካን የምጠብቀው ለዶሮው ብቻ አይደለም።