መሪጌታ ባስልዮስ የወቀጡት ኪኒን

እናንተ የተማራችሁ፣ የምታውቁትን ለወለደቻችሁ እናት በሚገባት ቃል ማስረዳት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ምኑን ተማራችሁት?

ማዕረግን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ መድኃኒት ስለሚሸከሙ፣ ፖሊመር ስለሚባሉ ሰንሰለታማ ውሁዶች ሲመራመር ዓመታት አልፈዋል፤ ጽሑፎቹን የሚያነቡለትም የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው። ዘመድ ጠይቆ ከራቤል ከተማ ሲመለስ አውቶቡሱ ዘመሮ ከተማ መግቢያ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ተሳፋሪው ወርዶ ከነፋሱ ለመሸሽ የድንጋይ አጥር ሥር ተጠጋ። እዚያ፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት መሪጌታ ባስልዮስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ በፌስታል የተቋጠረ ኪኒን አለ።

«ወዴት ነው፣ መሪጌታ?» አላቸው እጅ ነስቶ።

«ይህን ለሰጡኝ ሰዎች ልመልስላቸው። መድኃኒት ቤታቸው ባንኮኒ ላይ በትኜው እመጣለሁ።»

«ምን አደረገ?»

«ሚስቴን ጥሩሸዋን ጣላታ። ደም ግፊት ነው ብለው ሰጧት። ከመጠጣቷ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪም ቤት ተኝታ ወጣች፤ ግራ ጎኗ ግን እንቢ አላት። ዛሬም ኪኒኑን ካልወሰደች ሁለተኛ አትነሳም ይሉኛል። አንዴ ገደል የሰደደኝን መንገድ ድገመው እንደማለት ነው። ከእንግዲህ ጸበሏን ትጠጣ፤ ኪኒን ቤቴ አይገባም።»

ማዕረግ ኪኒኑን ገልብጦ አየው። መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚለቅ ዓይነት ነው።

«እንዴት አድርገው ነው የሰጧት?»

«እንዴት ይሰጣል? ወቅጬ በማር በጥብጬ ነዋ። ኮሶውስ እንቆቆውስ ሳይወቀጥ መች ሠራ? እናንተ ድፍን መዋጥን ከማን ተማራችሁት፣ ከዶሮ?»

በዚያ አገር ሙቀጫ ያልነካው ነገር መድኃኒት አይባልም። ሥሩም ፍሬውም ይወቀጣል፤ በደቀቀ ቁጥር ይበረታል። ልማዱ ለሥሩ ልክ ነበር፤ ኪኒኑን ግን አያውቀውም። ኪኒኑን የሚያውቁት ደግሞ ልማዱን ለመጠየቅ አልደከሙም። ሙቀጫ በየቤቱ ባለበት አገር የማይወቀጥ መድኃኒት እያደሉ ዝም ማለት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው?

«መሪጌታ፣ ይህኛው አይወቀጥም።»

«አንተ ሐኪም ሆነሃል?»

«አልሆንኩም። መድኃኒት የሚሸከመውን ነገር ነው የማጠናው። በጎችዎ ጧት ከበረት እንዴት ይወጣሉ?»

«በበሩ ነዋ፣ አንድ ባንድ።»

«አጥሩን ቢያፈርሱትስ?»

«ገብሱን ይጨርሱታላ።»

«የዚህ ኪኒን አካል አጥር ነው፤ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። እኔ የምመራመርበት ደግሞ ዓይን የማያየው ነው። ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ እያወጣ እንደ ዛፍ የተሠራ፤ መድኃኒቱ በቅርንጫፎቹ መካከል ተሸሽጎ ሄዶ የታመመው ቦታ ላይ እንዲለቀቅ የታሰበ። እሱ ገና ከቤተ ሙከራ አልወጣም። ሐሳቡ ግን ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ በመጠኑና በጊዜው መልቀቅ።»

«መድኃኒት ዛፍ ላይ ይወጣል በለኛ። ፊደል ሳስቆጥርህም ወሬ ታበዛ ነበር።»

«ይሣቁብኝ። የቀኑ ሙሉ መድኃኒት ተፈጭቶ በአንድ ጉንጭ ሲጠጣ ግን ግፊቱ ባንዴ ይወድቃል። ለጭንቅላት የሚበቃ ደም አይደርስም፤ ጎን የሚይዘውም ያኔ ነው።»

መሪጌታ ፌስታሉን ቁልቁል አዩት። ማዕረግ የተናገረው ነገር ክብደት ለራሱ ያኔ ገባው። እኒህ ሰው ካመኑት፣ ሚስታቸውን በገዛ እጃቸው እንደጣሉ ማመናቸው ነው። ቃሉን መልሶ ቢውጠው በወደደ። ግን እሱ ዝም ካለ ጥሩሸዋ ያለ መድኃኒት ትቀራለች፤ ግፊቱ ይገድላታል።

«እኔ ነኛ» አሉ መሪጌታ።

«ያልነገሩዎት ናቸው።»

«እነሱን ቆይ። የወቀጠው ይህ እጅ ነው።» እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱት። «አሁንስ ምን ላድርግ?»

«አይበትኑት። ለሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ይንገሩት፤ ለዛሬ የሚሆናትን እሱ ይምረጥላት። በድፍኑ ይዋጥ የተባለውን በድፍኑ ትዋጥ። መዋጥ ካቃታት ሳይወቅጡ ይጠይቁት፤ ሌላ ዓይነት አለ። ግፊቷ እየወጣ እየወረደ አይጫወትባትም፤ ሌላውም ጎኗ ይተርፋል። እንዲህ ያለው በቀን አንዴ ስለሚዋጥ ለጾመኛም ይመቻል።»

«አምኛለሁ» አሉ መሪጌታ። «ትወስዳለች። አንተ ይህን ካወቅህ ስንት ጊዜህ?»

«ቆይቷል።»

«ለማን ነገርክ?»

ማዕረግ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዞረ።

«ይህን የሰጠኝ የመድኃኒት ቤቱ ልጅም ያውቃል?»

«ሥራው ነው፤ ያውቃል።»

መሪጌታ ፌስታሉን በጥንቃቄ ቋጥረው ተነሱ።

«እንግዲያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን እቆማለሁ። ኪኒኑን ወቅጬ ሚስቴን የጣልኳት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ይህ የኔ ድርሻ ነው። ከኔ ቀጥሎ ያ ልጅ ይቁም፤ ከሱም ቀጥሎ አንተ። አትውቀጡ የምትለዋን አንዲት ቃል ለምን እንደነፈጋችሁን በሕዝቡ ፊት መልሱ።»